የታፈነው ምድጃ

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ ብሎ ይጠፋል)

የዛሬው ዝግጅታችን የቤት ጥገና ትምህርት ነው፤ ርእሱም የፔሌት ምድጃ።

ብርዱ ከገባ ወዲህ ስልኬ እረፍት የለውም። ከከተማ ወጣ ብላችሁ ቤት የገዛችሁ ወገኖቼ፣ ከቤቱ ጋር አብሮ የመጣላችሁ፣ ሳሎን ጥግ የቆመው ባለ መስታወት ምድጃ እያስቸገራችሁ ነው። አንዱ «አልነሳ አለኝ» ይላል፤ ሌላዋ «ይነሳና ዐሥር ደቂቃ ሳይሞላው ይጠፋል» ትላለች፤ አንድ አባት ደግሞ «ልጄ፣ መስታወቱ እንደ ምጣድ ጠቁሯል፣ ምን ላድርገው?» ብለው ደውለውልኛል። በምድጃ ጥገና ሥራ 11 ዓመት ቆይቻለሁ። በተጠራሁባቸው አብዛኞቹ ቤቶች ያገኘሁት የታፈነ ምድጃ ነው። አመድ ጉሮሮውን ዘግቶት፣ አየር አጥሮት የቆመ። ስለዚህ ገንዘብ አውጥታችሁ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ዐይናችሁንና ጆሯችሁን እንድትጠቀሙ ነው ዛሬ የማሳያችሁ።

መጀመሪያ ዕቃውን እንወቀው። ፔሌት የታመቀ ሰጋቱራ ነው። ከእንጨት መሰንጠቂያ የሚወጣው ሰጋቱራ ደርቆ፣ ተፈጭቶ፣ በጠባብ ቀዳዳ በኃይል ሲጨመቅ ይግላል፤ በዚያን ጊዜ እንጨቱ ውስጥ ያለው ሊግኒን የሚባል የተፈጥሮ ሙጫ ለስልሶ ብናኙን አንድ ላይ ያጣብቀዋል። ውፍረቱ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ እርሳስ የሚያህል በሉት። የሚሸጠው 40 ፓውንድ፣ ማለትም 18 ኪሎ ገደማ በሚይዝ ከረጢት ነው፤ እዚህ አገር አንድ ቶን የሚሉት 50 ከረጢት ነው። ምድጃውም ለእኛ ለዋሽንግተን ግዛት ነዋሪዎች ባዕድ አይደለም። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1970ዎቹ የነዳጅ ዋጋ ከናረ በኋላ፣ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ጄሪ ዊትፊልድ የሚባል የአውሮፕላን ኢንጂነር ፔሌት የሚበላ የቤት ምድጃ የሠራው በዚሁ ግዛት ነው።

አሁን ወደ አሠራሩ። ምድጃው ከላይ ፔሌቱ የሚጨመርበት ቋት አለው። ከቋቱ ሥር፣ ሥጋ መፍጫ ውስጥ እንዳለው ያለ ጠምዛዛ ብረት ተጋድሟል፤ ኦገር ይሉታል። አንዲት ትንሽ ሞተር ይህን ብረት በዝግታ እያዞረች ፔሌቱን ጥቂት ጥቂት እያደረገች ወደ እሳቱ ጣሳ ትጥላለች። ጣሳው ታችና ጎኑ የተበሳሳ ወፍራም ብረት ነው። ከጀርባው ደግሞ እንደ ኤሌክትሪክ ምጣድ ሽቦ የሚግል መለኮሻ አለ። ከዚያ ሁለት ፋኖች አሉ። የመጀመሪያው ጭሱን ወደ ውጭ ይስባል፤ እሱ ሲስብ ነው ንጹሕ አየር በጣሳው ቀዳዳዎች ወደ እሳቱ የሚገባው። ይህ የምድጃው ወናፍ ነው። ሁለተኛው የክፍሉን አየር በጋለው ብረት ጀርባ አሳልፎ ሙቀቱን ወደ ሳሎን ይነፋል። የሁለቱ ፋኖች አየር ፈጽሞ አይገናኝም። የመጀመሪያው ፋን ከእሳቱ ጋር፣ ሁለተኛው ከእናንተ ጋር እንደሚሠራ ካወቃችሁ፣ ዛሬ የምነግራችሁ ሁሉ ይገባችኋል።

እናቶቻችን ከሰል ሲያያይዙ አስታውሱ። እሳቱ እምቢ ሲል ዝም ብለው ማራገብ ብቻ አይደለም፤ ጎንበስ ብለው ከከሰል ምድጃው ሥር ያለችውን መስኮት ይጎረጉራሉ፣ አመዱን ያወጣሉ። አመዱ እስከ ወንፊቱ ከሞላ እጅ እስኪዝል ቢያራግቡ እሳቱ አይያያዝም። ይህ በኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ ባለ ሰሌዳና ባለ ቁልፍ የሆነው ምድጃም ሕጉ ያው ነው። ሥሩ ከተደፈነ አይነድም።

ሲታመም የሚናገረው በነበልባሉ ነው። ማታ መብራት ቀንሳችሁ መስታወቱ ፊት ለጥቂት ደቂቃ ተቀመጡ። ጤነኛ ነበልባል አጠር ያለ፣ ብሩህ፣ ቢጫነቱ ወደ ነጭ የሚያደላ፣ ጫፉ የተሳለ ነው። ፈጣን ነው፤ ይርገበገባል። ፔሌቶቹም በሚገባው አየር ኃይል እንደሚቆላ ሽምብራ ጣሳው ውስጥ ሲዘሉ ታያላችሁ፤ አልፎ አልፎም ጥቃቅን ፍንጣሪ ሽቅብ ይወጣል። የታፈነው ነበልባል ግን ረዥም ነው፤ መልኩ ደፍረስ ያለ ብርቱካናማ፣ ጫፉ ላይ ጥቁር ጭስ የለበሰ፣ ድካም እንደ ያዘው ሰው ወዲያና ወዲህ እያለ መስታወቱን የሚልስ። ይህን ካያችሁ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም፤ አየር አጥሮታል። መስታወቱም ይመሰክራል። አንድ ሁለት ቀን ከነደደ በኋላ ስስ ግራጫ ወይም ቡናማ አቧራ ቢለብስ የተለመደ ነው፤ በጨርቅ ይለቃል። ጥቁር ጥቀርሻ ከለበሰ ግን እሳቱ በደንብ አልተቃጠለም። ለደወሉልኝ አባት የምመልሰው ይህንኑ ነው፤ አባቴ፣ መስታወቱን ብቻ ቢወለውሉት ነገ ተመልሶ ይጠቁራል፤ መፍትሔው ያለው ሥሩ ነው።

ባለፈው ዓመት የገጠመኝን ልንገራችሁ። አንዲት እኅት ደወለችልኝ። ምድጃዋ ይለኮስና ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ይጠፋል። ቀድሞ ያየላት ሰው ቦርዱ ተቃጥሏል ብሏታል፤ ቦርድ ማለት የምድጃው አእምሮ ነው፣ ዋጋውም ብዙ መቶ ዶላር ነው። ገንዘቡን እያሰባሰበች ነበር። ሄጄ መጀመሪያ ያደረግሁት ስፒናውን ከሶኬት መንቀል ነው። ከዚያ የቀዘቀዘውን ጣሳ አንስቼ ገለበጥሁት። የዳቦ ቅርፊት የመሰለ፣ ግራጫ፣ ጎድጎድ ያለ፣ አንዳንድ ቦታው እንደ ብርጭቆ የሚያብለጨልጭ ድንጋይ ከሥሩ ተጣብቋል። በካቻቢቴ ፈልቅቄ ሳወጣው በአንድ ቁራጭ ወጣ፤ መዳፌን ሞላው። የጣሳውን ቀዳዳ ወደ ብርሃን አንስቼ ብቆጥር፣ ከሃያ ከሚበልጡት የተከፈቱት አራት ብቻ ናቸው። በምስማር አንድ በአንድ ከፈትኋቸው። ቦርዱ ምንም አልሆነም ነበር። ምድጃዋ በዚያው ምሽት ነደደ፣ ሌሊቱንም አደረ።

ያ ድንጋይ ክሊንከር ይባላል፤ ሲሚንቶ ፋብሪካ የሠራችሁ ስሙን ታውቁታላችሁ። አመድ በኃይለኛ ሙቀት ለስልሶ ሲጣበቅ የሚፈጠር ነው። አሸዋና አፈር የገባበት፣ ቅርፊት የበዛበት፣ ወይም ባሕር ላይ ተንሳፍፎ ከመጣ ጨዋማ ግንድ የተሠራ ፔሌት ቶሎ ያመጣዋል። የሚገባው አየር ሲያንስ ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ ስለ ፔሌት ምርጫ አንድ ነገር ልበል፤ ርካሹ ሁልጊዜ ርካሽ አይደለም። በዚህ አገር ፕሪሚየም የሚባለው ደረጃ አመዱ ከ1 በመቶ እንዳይበልጥ ይጠይቃል፤ በአውሮፓ ኤንፕላስ ኤ1 የሚባለው ደግሞ 0.7 በመቶ ላይ ያቆመዋል። ሒሳቡን ብትሠሩት፣ አንድ ባለ 18 ኪሎ ከረጢት ፕሪሚየም ፔሌት የሚተወው አመድ ከ180 ግራም ማለፍ የለበትም። ከዚያ በጣም ከበዛ ፔሌቱን ቀይሩ። በእጃችሁም መርምሩት። ጥሩ ፔሌት ሲሰበር ቀጭ ይላል፣ ላዩም ያብረቀርቃል፣ ውኃ ውስጥ ቢጥሉት ይሰጥማል። እርጥበት የነካው ጣት መሐል ይፈረካከሳል። ውኃ ከገባበትማ አብጦ ወደ መጣበት ሰጋቱራ ይመለሳል፤ ያንን ቋት ውስጥ ከጨመራችሁ ኦገሩን ሲሚንቶ እንደ ፈሰሰበት ያደርቀዋል። ጋራዥ ስታስቀምጡ ከረጢቶቹን በቀጥታ ሲሚንቶ ወለል ላይ አትደርድሩ፤ እንጨት ረብርቡበት።

አሁን «አልነሳ አለኝ» ላላችሁኝ። ሰሌዳው ጭራሽ ካልበራ መጀመሪያ ሶኬቱን በሌላ ዕቃ ፈትሹ፣ ከዚያ ፊውዙን። ብዙ ምድጃዎች ከጀርባቸው፣ ከመጠን በላይ ሲግሉ የምትዘልል ትንሽ የመመለሻ ቁልፍ አለቻቸው፤ ከቀዘቀዘ በኋላ ትጫናላችሁ። ሁለተኛ ከዘለለች ግን መጫኑን ተዉት። ምድጃው ለምን እንደ ጋለ መፈለግ አለበት፤ ብዙ ጊዜ ሙቀት የሚነፋው ፋን በአቧራና በድመት ጠጕር ታፍኖ ነው።

ሰሌዳው ይበራል፣ ፔሌትም ይወርዳል፣ እሳት ግን የለም እንበል። ያን ጊዜ ዐይናችሁ መለኮሻው ላይ ይሁን። መለኮሻው በጣሳው ጀርባ ባለች አንዲት ቀዳዳ በኩል ነው የጋለውን አየር ወደ ፔሌቱ የሚልከው። ቀዳዳዋ በአመድ ከተደፈነች መለኮሻው ጀርባ ሆኖ ለብቻው ይግላል። ሌላው ደግሞ፣ በጣም ቀላል ስለሆነ ማንም የማይጠረጥረው፣ ጣሳውን አጽድተን ስንመልስ ማጋደላችን ነው። ሥሩ ላይ ትንሽ አመድ ቀርቶ ጣሳው ስንዝር ሳይሆን የጣት ጥፍር ያህል ቀና ቢል ቀዳዳዋና መለኮሻው አይገጣጠሙም። እኔ ራሴ በጀማሪነቴ በዚህ ምክንያት ደህና መለኮሻ ቀይሬ የሰው ገንዘብ አስወጥቻለሁ፤ እስካሁን ይቆጨኛል። ጣሳውን መልሳችሁ ስታስቀምጡ በእጃችሁ ነቅነቅ አድርጉት፤ ቁጭ ማለቱን እርግጠኛ ሁኑ። ይህ ሁሉ ተደርጎ አሁንም ካልለኮሰ መለኮሻው አልቆ ይሆናል። እንደ አምፖል ነው፤ ዕድሜ አለው። ቴስተር ያላችሁ ስፒናውን ነቅላችሁ ትለኩታላችሁ፤ መስመሩ ከተበጠሰ ይቀየራል።

እዚህ ላይ ጠበቅ አድርጌ የምናገረው አለ። ምድጃው ሳይለኮስ ሲቀር ጣሳው ባልነደደ ፔሌት ይሞላል። ብዙ ሰው የማስነሻ ቁልፉን ደግሞ ይጫናል፣ ፔሌት በፔሌት ላይ ይወርዳል። ከዚያ ያ ክምር ቀስ እያለ መጨስ ይጀምራል፤ የምድጃው ሆድ በወፍራም ጭስ ይሞላል። ያ ጭስ የሚነድ ጋዝ ነው። ነበልባል በድንገት ሲነሳ በአንድ ጊዜ ይቀጣጠልና ቡም ይላል፤ መስታወት ሊሰብር ይችላል። ስለዚህ ደግማችሁ ከማስነሳታችሁ በፊት ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ ጣሳውን ባዶ አድርጉት። ያወጣችሁትንም ፔሌት ወደ ቋት አትመልሱት፤ ውስጡ የተደበቀ ፍም ሊኖር ይችላል። ቤንዚን፣ ነጭ ጋዝ፣ አልኮል ማርከፍከፍማ ፈጽሞ አይታሰብም።

(ድምፅ፦ የምድጃ ሞተር ቀስ ብሎ ሲዞር፤ ፔሌት ብረት ላይ ጠብ፣ ጠብ ሲል)

ይህን ድምፅ ለዩልኝ። ከቤቴ ቀድቼ ያመጣሁት ነው። ኦገሩ የሚሠራው እያረፈ ነው፤ ጥቂት ሴኮንድ ይዞራል፣ ይቆማል፣ ደግሞ ይዞራል። ፔሌት አልወርድ ሲል ጆሯችሁን አስጠጉ። ሞተሩ እየዞረ ፔሌት ካልመጣ ነገሩ ቋቱ ውስጥ ነው። ፔሌቱ ከላይ ሞልቶ ሲታይ ከሥሩ ዋሻ ሠርቶ ይሆናል፤ በእንጨት ነካ ስታደርጉት ይናዳል። ወይም የከረጢት ታች የሚቀረው ሰጋቱራ ተጠራቅሞ ኦገሩን ይዞታል፤ ቋቱን ባዶ አድርጋችሁ በቫኪዩም ትመጥጡታላችሁ። ስፒና ሳትነቅሉ ግን እጃችሁን አታስገቡ፤ ያች ሞተር ብትዘገይም ጉልበቷ ጣት ይቈርጣል። ቋቱ ጭራሹን ባዶ ሆኖ ከነበረ ደግሞ ታገሡ፤ ኦገሩ ራሱ እስኪሞላ ደቂቃዎች ይወስዳልና የመጀመሪያው ሙከራ ቢከሽፍ ብልሽት አይደለም።

ሞተሩ ጭራሽ ካልዞረ ምድጃው ሆን ብሎ እየከለከለ ነው። የቋቱ ክዳን ወይም በሩ በደንብ ካልተዘጋ ፔሌት አይጥልም። ጭሱ ወደ ውጭ እየተሳበ መሆኑን የሚያረጋግጥ ቫኪዩም ስዊች የሚባልም አለ፤ በአንዲት ቀጭን የጎማ ቱቦ ከምድጃው ሆድ ጋር ይገናኛል። መሳቡ ከደከመ ኦገሩን ያቆመዋል፤ ጭስ መውጫ በሌለበት እሳት እንዳይጨመር ማለት ነው። ሥራው እናንተን መጠበቅ ስለሆነ ሽቦውን አገናኝቶ ማለፍ ወንጀል ያህል ነው፤ እንዲህ የተደረገ ምድጃ ሁለት ቤት አግኝቼ ሁለቱንም ሳላስተካክል አልወጣሁም። የጎማዋ ጫፍ በአመድ ትደፈናለች። ከስዊቹ ነቅላችሁ ወደ ምድጃው በኩል እፍ በሉባት። ወደ ስዊቹ በኩል አትንፉ፤ ውስጡ ያለችው ስስ ሽፋን ትቀደዳለች።

ይነሳና ይጠፋል ለምትሉም አንድ ጨምሩ፦ ምድጃው እሳት መያዙን የሚያውቀው ጭስ ማውጫው ላይ በተለጠፈ የሙቀት ሴንሰር ነው። ሴንሰሩ አመድ ከለበሰ፣ እሳቱ እየነደደ ምድጃው «አልያዘም» ብሎ ራሱን ያጠፋል። በለስላሳ ብሩሽ መጥረግ ይበቃዋል።

የበሩን ማሸጊያ ገመድ እንዴት እንደምትፈትሹ ላሳያችሁ። ምድጃው በቀዘቀዘበት ጊዜ አንድ የዶላር ኖት በሩና ገመዱ መሐል አድርጋችሁ ዝጉና ሳቡት። ተይዞ ካስቸገራችሁ ጥሩ ነው። እንደ ደብዳቤ ከፖስታ ሾልኮ ከወጣ ገመዱ ሞቷል። በበሩ ዙሪያ እየፈተሻችሁ ዙሩ። ወናፉ የተቀደደበት አንጥረኛ ቢነፋ ባይነፋ ፍሙ አይግልም፤ ምድጃውም እንዲሁ ነው፤ አየሩ በጣሳው ቀዳዳ መግባቱን ትቶ በበሩ ክፍተት ይገባል፣ እሳቱን ሳይነካም በጭስ ማውጫው ይወጣል። አዲስ ገመድ ብዙ ዋጋ የለውም፤ ምድጃው የሚጠይቀውን ውፍረት ብቻ አስተውሉ።

አሁን በ11 ዓመት ሥራዬ ካየሁት ሁሉ ያስገረመኝን ላውጋችሁ። አዲስ የተሠራ፣ ነፋስ የማያስገባ ቤት ያላቸው ቤተሰቦች ናቸው። ቅሬታቸው «ምድጃው በአዘቦት ደህና ይሠራል፤ በዓል ሲደርስ ይታመማል» የሚል ነበር። ሁለት ጊዜ በሥራ ቀን ሄጄ ፈተሽሁት። ጣሳው ንጹሕ፣ ገመዱ አዲስ፣ ቱቦው የተጠረገ። ምንም አላገኘሁበትም። «የሚታመም ቀን ጥሩኝ» ብዬ ተለየኋቸው። የገና ዋዜማ ማታ ጠሩኝ። ገባሁ፤ ቤቱ በዶሮ ቁሌት ሽታ ሞልቷል፣ ሦስት ሴቶች ወጥ ቤት ናቸው፣ ከማብሰያው በላይ ያለው ትልቁ የጭስ መሳቢያ ፋን በሙሉ ኃይሉ ያጓራል። ሳሎን ያለው ነበልባል ረዝሟል፣ ቀልቷል፣ መስታወቱ ጠቁሯል። «እስቲ ያንን ፋን አንዴ አጥፉልኝ» አልሁ። ጠፋ። ደቂቃ ሳይሞላ ነበልባሉ አጠረ፣ ነጣ። አብሩት አልሁ፤ ተመልሶ ወደቀ። የወጥ ቤቱን መስኮት ሁለት ጣት ያህል ከፈትሁት፤ ፋኑ እያጓራ ነበልባሉ ቀና አለ። የቤቱ እናት ማማሰያውን እንደ ያዙ መጥተው አጠገቤ ቆመው አዩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የወጥ ቤቱ ፋን ከቤት አየር ወደ ውጭ ይጥላል። የጣለው ያህል ከአንድ ቦታ መግባት አለበት። ቤቱ ጥብቅ ከሆነ መግቢያ የለም፤ ስለዚህ ሁለቱ ፋኖች፣ የወጥ ቤቱና የምድጃው፣ በአንድ አየር ይጓተታሉ፤ ጉልበታሙ የወጥ ቤቱ ነው። የእኛ ሰው ምግብ ሲሠራ ለሰዓታት ነው፤ ሽንኩርት ሲቁላላ፣ ቡና ሲቈላ ፋኑ አይጠፋም። የዘለቄታው መፍትሔ ምድጃው አየሩን በራሱ ቱቦ ከውጭ እንዲስብ ማድረግ ነው፤ ምድጃው የሚፈቅድ ከሆነ መግጠሙ ከባድ ሥራ አይደለም። እስከዚያው መስኮት ገርበብ አድርጉ።

ጽዳቱን በአጭሩ። ጣሳውን በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ፤ የአመድ መያዣውን በየሳምንቱ ገደማ፤ ከእሳቱ ጀርባ ካሉት ሳህኖች ኋላ የሚደበቀውን ስስ አመድ በየወሩ፤ ጭስ ማውጫውን ቢያንስ በዓመት አንዴ፣ ብዙ የምታነዱ ደግሞ አንድ ቶን ባቃጠላችሁ ቁጥር። አመዱ በተለይ ቱቦው በሚታጠፍበት ክርን ላይ ይከማቻል። ፋን ሲንጫጫ ወይም ሲንገጫገጭ ክንፉ ላይ አመድ ተጣብቆ ሚዛኑ ተዛብቶ ይሆናል፤ ተጠርጎም ካላቆመ ኩሽኔታው አልቋል፣ ባለሙያ ይቀይረው።

አመዱን ስትጥሉ ግን እናቶቻችንን አስቡ። ማታ እሳት ዳፍነው ይተኛሉ፤ ጠዋት አመዱን ገለጥ ሲያደርጉት ፍሙ ቀልቶ ይጠብቃቸዋል። በአመድ የተዳፈነ እሳት ሌሊቱን ያድራል። ይህን እያወቅን ትናንት የጠፋ ምድጃ አመድ በወረቀት ከረጢት አድርገን ጋራዥ ማስቀመጥ የለብንም። ክዳን ባለው የብረት ባልዲ፣ ከቤት ውጭ፣ ከእንጨት በረንዳ ርቆ፣ ቀናት ይቆይ። በተለመደው የቤት ቫኪዩምም ትኩስ አመድ አትምጠጡ፤ አንዲት ፍም ከረጢቱን ታነደዋለች።

የመጨረሻው ጉዳይ መብራት መጥፋት ነው። በ2024 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ኖቬምበር 19 ማታ የመታን ዐውሎ ነፋስ በግዛታችን ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ደንበኞችን ጨለማ ውስጥ ጥሏል። የፔሌት ምድጃ ያለ መብራት አይሠራም። ድንገት ሲጠፋ ኦገሩም ፋኑም ይቆማሉ፤ ጣሳው ውስጥ የቀረው ፔሌት ግን ጥቂት ይጨሳል። በሩን አትክፈቱት። ጭስ ወደ ቤት ከመጣ መስኮት ክፈቱ። ባትሪ ያለው መጠባበቂያ መግጠም ለሚፈልግ፣ አብዛኞቹ ምድጃዎች ሲለኮሱ ከ300 እስከ 400 ዋት ይስባሉ፣ ከተያያዙ በኋላ ወደ 100 ዋት ገደማ ይወርዳሉ፤ ባትሪውን በዚህ ልክ ምረጡ።

እዚህ ላይ የ2006ቱን ማንሳት አለብኝ። በዚያ ዓመት ዲሴምበር አጋማሽ ላይ በደረሰው ዐውሎ ነፋስ መብራት ለቀናት ጠፋ። ሲያትል በምትገኝበት በኪንግ ካውንቲ ከ200 በላይ ሰዎች በካርቦን ሞኖክሳይድ ተመርዘው ሐኪም ቤት ገቡ፤ የሞቱም አሉ። ከሰል ቤት ውስጥ አንድደው ከተመረዙት አብዛኞቹ እንደ እኛ ከሌላ አገር የመጡ ነበሩ። ሲያትል ታይምስ ጋዜጣ በመጀመሪያ ገጹ ማስጠንቀቂያውን በበርካታ ቋንቋዎች አትሞ አወጣ። አገራችን «ከሰል መታው» የምንለው ይኸው ጋዝ ነው። ሽታ የለው፣ ቀለም የለው። እዚህ ያለው ቤት ደግሞ ብርድ እንዳያስገባ ተብሎ የተደፈነ ነው፤ አዲስ አበባ በጣራና በግድግዳው መሐል ነፋስ እንደሚገባበት ቤት አይደለም። መብራት ቢጠፋ፣ ልጆቹ ቢበርዳቸው፣ ከሰል ወደ ቤት አታስገቡ። ለቡናም ቢሆን።

የታፈነ የፔሌት ምድጃም፣ ገመዱ ካለቀ ወይም ቱቦው ካፈሰሰ፣ ይህንኑ ጋዝ ወደ ሳሎን ሊለቅ ይችላል። ቤተሰቡ ሁሉ ባንድ ጊዜ ራሱን ካመመው፣ ካቅለሸለሸው፣ ከቤት ሲወጣ ደግሞ ቀለል ካለው፣ ጉንፋን ነው ብላችሁ አትተኙ። ሁላችሁም ውጡና 911 ደውሉ።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት፣ ከመኝታ ክፍላችሁ ደጃፍ ያለውን የካርቦን ሞኖክሳይድ ደወል አውርዱና ጀርባውን አንብቡ፤ የሚያበቃበት ዓመት ተጽፎበታል። መሞከሪያውን ተጫኑት። ካልጮኸ ነገ ጠዋት ከሥራ በፊት አዲስ ግዙ። ደወል የሌለው ቤት ያላችሁ፣ አዲስ እስክትገዙ ድረስ ምድጃውን አታንድዱ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)